ከባንኮኒው ላይ የቆረጥኩት ጠርዝ

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ እዚሁ ቡታጅራ ነው። ለሚስቴ እንኳ ሙሉውን አልነገርኳትም። ሰው ሥራዬን ባመሰገነ ቁጥር ትዝ ይለኝና ምስጋናውን ያጎመዝዝብኛል። ለሚያውቀኝ መናገር ቢያቅተኝ ለማያውቀኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

አናጢ ነኝ። በር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። እጁ ንጹሕ ነው ይባልልኛል፤ እኔም እንዳልሰማ ሆኜ እሰማለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ዘይነባ የምትባል አስተማሪ በጋሪ አሮጌ ጣውላ አስጭና መጣች። አባቷን ሀጂ ነስሩን በስም አውቃቸዋለሁ። ገበያው አጠገብ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ጠፍቶ እንኳ በእጃቸው እየዳሰሱ መሸጡን አልተዉም ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ግን ሱቃቸው ከነረድፉ ፈረሰ። ጣውላው የዚያ ሱቅ መደርደሪያና ባንኮኒ ነበር።

“ጋሽ ፍቅሬ፣ አባዬ ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ ሰው አልሆነም” አለችኝ። “ይቀመጣል፣ ይተኛል፣ በቃ። እህል የሚቀምሰው በልመና ነው። በራችን ላይ ያለችውን ክፍል ሱቅ ላደርግለት ነው። በዚህ እንጨት ባለመስታወት ሾኬዝ ሥራልኝ፣ ሻሽ፣ ሂጃብና ጣቃ ጨርቅ እንደረድርበታለን። ከላይ የሚሆነው ግን የባንኮኒው ጣውላ ይሁን። የለመደው ላይ እጁን ሲያሳርፍ ምናልባት ይመለስልኝ ይሆናል።”

እሺ አልኩ። የቱን እንዳልነካባት ግን አልጠየቅኳትም። በእኛ ሙያ አሮጌ እንጨት ይዞ የሚመጣ ሰው ቃሉ አንድ ነው፤ “አዲስ አስመስለው” ይላል። አሮጌ መሆኑ እንዳይታወቅበት ይፈልጋል። ይህንኑ ስሰማ ስለኖርኩ መጠየቁን ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ምስማሩን በጉጠት ነቅዬ በመላጊያ ላግኩት። ከላይ ጥቁር የነበረው ዝግባ ከሥሩ ማር መስሎ ወጣ። የባንኮኒው የፊት ጠርዝ ላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቁርጦች ነበሩ። አፋቸው በመነካካት ብዛት ለስልሷል። ሰንሰለት ታስሮበት የነበረ መሰለኝ። በስቱኮ ልድፈነው አልኩና ደግሞ ኩራቴ መጣ፤ የእኔ ሥራ በስቱኮ አይሸፋፈንም ብዬ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር በመጋዝ ቆርጬ ጣልኩት። ጣውላው ጥርት አለልኝ። ራቅ ብዬ አየሁትና ደስ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ዘይነባ አባቷን በባጃጅ ይዛ መጣች። “ሳያልቅ ልዳስሰው ብሎ ነው” አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ አባቷ አንድ ነገር ሲፈልጉ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሀጂ “አሰላሙ አለይኩም” ብለው ገቡ። እጃቸውን ይዤ ጣውላው ላይ አሳረፍኩላቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

“እሱ ነው። ዝግባዬ ነው” አሉ።

ከዚያ መዳፋቸውን በጠርዙ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ወሰዱት። መልሰው ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ አመጡት።

“ፊቱ በየት በኩል ነው ልጄ?”

“ይኸው የያዙት ነው ሀጂ።”

“ታዲያ የሩቂያ ምልክት የታለ?”

ሩቂያ የሞቱት ባለቤታቸው ናቸው። ያልገባኝ መስሏቸው እየሳቁ ያስረዱኝ ጀመር።

“ወጣት ሳለሁ ጨርቅ የምለካው በክንዴ ነበር። ክንዴ ደግሞ እንደምታየው ረጅም ነው። ከቆሼ ከተማ ድረስ እየመጡ ‘ነስሩ ራሱ ይለካልን’ ይላሉ። እሷ ቁጭ ብላ ታየኛለች። አንድ ቀን ከልብስ ሰፊው ሜትር ተውሳ መጣችና ባንኮኒው ላይ በቢላ ሁለት ቦታ ቀረጸችልኝ። ‘ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነው የምትለካው፣ ያን ክንድህን ለራስህ አድርገው’ አለችኝ።” ጣውላውን ዳበስ አደረጉና “ዓይኔ ጠፍቶም እሱ አልጠፋብኝም። አውራ ጣቴን እዚያ ውስጥ ሳገባ አጠገቤ የቆመች ይመስለኛል” አሉ።

ዘይነባ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። “ምልክቱን አውቀዋለሁ፣ የእማዬ እጅ መሆኑን ግን ነግሮኝ አያውቅም” አለችኝ በሹክሹክታ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አባቷ ይህን ያህል ሲያወሩ ከሰማች ወራት ሆኗታል።

ያኔ “ቆርጬዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ” ማለት ነበረብኝ። የልጅቷን ፊት አየሁና ሌላ ነገር አወራሁ።

“የፊቱ ጠርዝ ለብቻው ነው ያለው ሀጂ። ስንጥቅ ስለነበረው በኮላ አስሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ነው የሚገጠመው” አልኳቸው።

“አልሐምዱሊላህ። እኔ ደግሞ ደንግጬ ነበር” አሉ።

ባጃጁ ዞር እንዳለ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ከሥራ ቦታዬ ቁርጥራጩን በየማታው የምትወስደው ሚስቴ አስቴር ናት፣ ለማገዶ።

“ያ ረጅሙ ቀጭን ዝግባ የታለ?” አልኳት።

“ትናንት ጎመኑን የቀቀልኩበት ነዋ። ምነው ፈለግከው?”

ያን ጎመን ጣፍጦኝ አስደግሜ በልቼው ነበር። ምድጃው ሥር ተቀምጬ አመዱን ጫርኩት። ምን ላገኝ እንደፈለግኩ አላውቅም። አስቴር “ምን ሆነሃል አንተ ሰው?” ስትለኝ “ምንም” ብያት ወጣሁ።

ውሸት አንዴ ከተጀመረ ቀጣዩን ራሱ ይጠራል። ከመደርደሪያው ከተረፈው ዝግባ ቀጭን ጠርዝ አወጣሁ። ሜትሬን ዘርግቼ ሁለት ቦታ ምልክት አደረግኩ፤ ልክ አንድ ሜትር፣ ፀጉር ታህል ሳይዛነፍ። ሩቂያ በቢላ ነው የቀረጹት ስለተባልኩ መሮዬን ትቼ የወጥ ቤት ቢላ ይዤ መጣሁ። አፉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ዘይት ቀባሁት፣ ጥላሸት አሸሁበት። በዕድሜዬ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም። እሑድ ቸርች ሄጄ ጉባኤው ሲዘምር አፌን ብቻ ሳንቀሳቅስ ዋልኩ።

ሾኬዙን ያደረስኩላቸው ሰኞ ነው። ቆንጆ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ዘይነባ ዞር ዞር እያለች አየችውና ጨርቁን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ሀጂ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ። ግራ አውራ ጣታቸው ምልክቱን ወዲያው አገኘው። ፊታቸው ፈካ። ከዚያ በቀኝ እጃቸው ከምልክት እስከ ምልክት በስንዝር ለኩት። መጨረሻው ላይ ቆም አሉ። እንደገና ከመጀመሪያው ለኩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ጠፋ።

“ልጄ” አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ይሄ አንድ ሜትር ነው።”

“አዎ ሀጂ።”

“የሷ አንድ ሜትር ከአንድ ጣት ነበር። የሰው ሐቅ እኛ ላይ ከሚያድር የእኛ ይጉደል ብላ ጨምራበታለች። ለሰው እንዳንናገር ተማምለን ነበር። ከእኔና ከሷ በቀር ያወቀ የለም።”

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መጋዙን፣ ውሸቱን፣ ምድጃውን። አልተቆጡም። ቢቆጡ ምንኛ በተሻለኝ።

“ነደደ?” አሉ ብቻ።

“ነደደ።”

ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ከጓዳ የዘይነባ እርምጃ ተሰማ። ሀጂ ክንዴን ያዝ አድርገው “ለልጅቷ አትንገራት። ደስ ብሏታል። በአላህ ይሁንብህ” አሉኝ። እሷ በእቅፏ ሙሉ ሻሽ ይዛ ስትገባ እኚያ ሽማግሌ ፈገግ አሉላት። “ጥሩ አድርጎ ሠርቶልኛል” አሏት። ልቤ የተሰበረው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ እየሸጡ ነው ሲባል እሰማ ነበር። መብላት ጀምረዋል ተባለ። በዚያ ባልፍም ወደ ሱቁ ቀና ብዬ አላይም። አረፋ ሊደርስ ሲል ሞቱ።

ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ዘይነባ ሾኬዙ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አውራ ጣቷን እኔ የቀረጽኩት ምልክት ውስጥ አግብታለች። “እናቴንም አባቴንም ያቆየህልኝ አንተ ነህ ጋሽ ፍቅሬ፣ እግዜር ይስጥልኝ” አለችኝና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ለአባቷ ያለቀስኩ መሰላት።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። “አባዬ እዚህ ሾኬዝ ላይ ጨርቅ ሲለካ ከምልክት ምልክት ይዘረጋል፣ ሁልጊዜ ግን ከመቁረጡ በፊት አንድ ጣት ይጨምርበታል። ሸማኔውም ልብስ ሰፊውም ምልክቱ ልክ ነው ይሉታል፣ እሱ ግን አይሰማም። ለምን ነው ብዬ ስጠይቀው ይስቃል እንጂ አይነግረኝም። አንተ ታውቃለህ?”

“አላውቅም” አልኳት።

አሁን አሮጌ እንጨት የሚያመጣልኝን ሁሉ እያንዳንዷን ጭረት እያሳየሁ እጠይቃለሁ፤ ሰዉ ያበደ ይመስለዋል። ይህ ግን አያሳርፈኝም። ዘይነባ የእናቷን እጅ የምትዳስስ መስሏት የእኔን ቢላ ትዳስሳለች፣ አባቷም እንዳልነግራት አስምለውኝ ሄደዋል። ቃላቸውን ብጠብቅ እሷን አታልላለሁ፣ ብነግራት እናቷን ሁለተኛ እቀብርባታለሁ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝታኝ ስትስመኝ አሁንም ዝም አልኩ።