ከቀሐ በገንቦ ቀድቼ የፈተንኋት ጀልባ

ከባሌ ከደምሴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ የባቄላውን ክምር መክደን ነበር። እሱ ክምሩ ላይ ወጥቶ፣ እኔ ከታች ሣሩን እያቀበልሁት። ለርስት ሙግታችን ጎንደር በሄደ ጊዜ ስላያት ጀልባ ያወራኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ እሷ ነበረች።

«አሮጌ ናት፣ ግን አሉሚኒየም ስለሆነች አትዝግም። ሐይቁን ሊለኩ የመጡ ፈረንጆች ጥለዋት ሄደው አንድ ጋራዥ ግቢ ተደፍታለች። ሁለቱን በሬዎች ሸጠን እንገዛታለን፤ ጎርጎራ ወርደን ዓሣ እናወጣለን» አለኝ።

«ዋና የማታውቅ ሰው!» አልሁት።

«ጀልባዋ ታውቃለች» አለና ሣሩን ረገጠ።

በማግሥቱ ውጋት ያዘው። ሳምንት ሳይሞላው ቀበርነው።

እናንተ ድብ ባሕር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በየቤታችሁ እንዳወራችሁት አውቃለሁ፤ እኔም የራሴን ልጻፈው። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ፊደል አስቆጥረው ዳዊት አስደግመውኛል፤ እጄ ግን ቀርፋፋ ነውና ታገሡኝ። ሙግቱን ተረትተን የቀረችን ማሳ ጥማድ በሬ የምታዞር አልነበረችም። ልጅ የለንም። የደምሴ ታላቅ ወንድም አያ ጫኔ በሬዎቹ ለተዝካሩ እንዲታረዱ፣ እኔም እሱ ቤት ገብቼ እንድኖር ቆርጦ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንደ ወጉ ነው ያለው። እኔ ግን በሬዎቹን ደባርቅ ገበያ አውጥቼ ሸጥኋቸው።

«የወንድሜን ነፍስ በቆርቆሮ ልታስምሪ ነው?» አለኝ።

«የሱ አሳብ ነበር፣ አያ።»

«የሱ አሳብ ከሱ ጋር ተቀብሯል። ጀልባሽ የሰመጠች ዕለት ተዝካሩም አብሮ ሰመጠ። ያን ጊዜ እዚህ ደጅ እንዳትመጪ።»

እውነቱን ነበር። ጎሕ ሲቀድ እህል የጫነ ማኪና ላይ ወጣሁ። ወደ ኋላ አላየሁም ብል ውሸት ነው። ሊማሊሞን እየተጠማዘዝን ስንወጣ ጭሱ ከማን ቤት እንደሚነሣ እየለየሁ፣ እስኪሰወረኝ ድረስ አየሁ።

ጋራዡ ጎንደር ከቀሐ ወንዝ አጠገብ ነው። ባለቤቱ አቶ ዘሪሁን ይባላል፤ አሥመራ ሙያ የተማረ፣ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት የሆነ ሰው። ጀልባዋን አሳየኝ። ጀርባዋ ብዙ ቦታ ጎድጉዷል፣ ግን እንደ አዲስ ድስት ታበራለች።

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለኔ።»

«አገርሽስ የት ነው?»

«ድብ ባሕር።»

«ምነው፣ ሊማሊሞን ጎርፍ ወሰደው እንዴ?» ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁ።

እኔ ስለ ጀልባ ምን አውቃለሁ? የማውቀው ጋን መግዛት ነው። ጋን ሲገዛ በጣት አንጓ ይመታል፤ የነቃ፣ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ታፍኖ ይደነቁራል። ስለዚህ ከአፍንጫዋ ጀምሬ መታኋት። ወደ ኋላዋ ስደርስ ድምፁ ደነቆረብኝ።

«ሸክላ አይደለችም እኮ!» አለ አቶ ዘሪሁን።

«ገልብጡልኝና ውሃ ልሙላባት።»

«እትዬ፣ እሷ ውሃ ላይ ትሄዳለች እንጂ ውሃ እሷ ላይ አይሄድም!»

«ምነው ጌታዬ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያልፍ ውሃ ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት ያቅተዋል?»

እንደ መቀለድ አድርገው ገለበጧትና ሁለት አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጧት። ገንቦ ተውሼ ከቀሐ መመላለስ ያዝሁ። መንገደኛው እየቆመ «ሐዘን ያሳበዳት ናት» ይል ነበር። ጥቁር ልብሴ እስከ ወገቤ ራሰ። ኋላዋ እስኪሞላ ጀርባዬ ሊቆረጥ ደረሰ። ከዚያ ተንበርክኬ ከሥሯ አየሁ። ሉሁን ከሉህ ያያያዙት ምስማሮች አጠገብ ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል። አንድ ቦታ አይደለም፤ ረድፉ በሙሉ።

ሳቁ ቆመ። አቶ ዘሪሁን ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይኸማ ላቧ ነው» አለ።

«ሸጋ፣ ይላባት። ላቧ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ» ብዬ ጎማ ላይ ተቀመጥሁ።

 ደምሴ በሕይወት ኖሮ ማብረቅረቋን ብቻ አይቶ ቢገዛት፣ ሐይቅ መሐል ታሰምጠው ነበር ብዬ አሰብሁ፤ አስቤም አለቀስሁ። ባለጋራዡ ይህን ሲያይ መዶሻውን አነሣ። ምስማሮቹን ሁሉ ነቅሎ እንደገና ሲመታ ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ገንቦውን ተሸክሞ ወደ ቀሐ የወረደው ራሱ ነው። አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

ማኪና ላይ ጭነናት ስንወጣ የኬላው ዘበኛ አስቆመን።

«ታርጋዋ የታለ?»

«ጀልባ ታርጋ የላትም ጌታዬ።»

«ሰው ይሳፈርባታል?»

«አዎን።»

«እንግዲያው ማኪና ናት፤ ሊብሬ አምጪ።»

«ጎማ እንኳ የላትም።»

«ጎማ ከሌላት ዕቃ ናት፤ የዕቃ ቀረጥ ክፈይ።»

«ገንዳ ናት ጌታዬ። ከብት አጠጣባታለሁ።»

ዞሮ ዞሮ አያት። «መጀመሪያውኑ ገንዳ አትይም ነበር?» ብሎ ገመዱን ለቀቀ። ደምሴ ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ጎርጎራ ሙቀት ነው። ጋቢ ትርፍ፣ ትንኙ መከራ። እኛ አገር ሰው ከተራራ ተራራ ይጣራል፤ እዚህ ሐይቁ ድምፅ ይውጣል። እኛ ዘንድ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ክርክር ነው፤ እዚህ ክርክሩ ዓሣው ትንሽ ነው ትልቅ ነው ብቻ ነው። ከሊማሊሞ የሚወርደው ብርድና የገብስ ቂጣ ይናፍቁኛል። ሰዉ ግን ሸጋ ነው። አያ ውበቱ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ በሬ ያለው በሬ ከሌለው ገበሬ ጋር እንደሚያርሰው፣ በእኩል ሊሠሩባት ተስማሙ።

ውሃ ላይ ያወረድናት ዕለት እኔ ዳር ቆሜ ቀረሁ።

«ግቢ እንጂ ልጄ! ገዝተሻት ልትፈሪያት ነው?» አሉኝ።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ገባሁ፤ ወለሏ ላይ ቁጭ አልሁ። ዳርቻው ራቀ። ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ኋላዋ ያሉትን ምስማሮች በመዳፌ ዳሰስሁ። ደረቅ ነበሩ። የሚቀዝፉት አያ ውበቱ ዞረው አላዩኝም፤ አውቀው ይመስለኛል።

የደምሴን ተዝካር እስካሁን አላወጣሁም። አያ ጫኔ በመንገደኛ ሁሉ «ምነው፣ ነፍሱ ስንት ዓመት ትጠብቅ?» ብሎ ይልክብኛል። እኔም «ጀልባዋ አልሰመጠችም በሉት» እላለሁ፤ ለጥያቄው መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሁን አያ ውበቱ ዓሣ ያወጣሉ፤ እኔ ሆዱን ሠንጥቄ አጥባለሁ፣ ጨው እነሰንሳለሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፣ ቅዳሜ ጎንደር ወስጄ እሸጣለሁ።