መጨረሻውን የሚናገሩት አጎቴ

ጋሼ፣ ጭድ ተራ ባለችው ማተሚያ ቤታችን አዲስ ልብ ወለድ በወጣ ቁጥር፣ ገዢው ገና ሽፋኑን ሳይገልጥ እርስዎ መጨረሻውን ይነግሩት ነበር። «ልጅቷ በመጨረሻ ትሞታለች» ይሉታል፤ ሰውዬው መጽሐፉን አስቀምጦ ውልቅ! «ኧረ ጋሼ፣ ከሳንሱር የተረፈውን መጽሐፍ እርስዎ ገደሉት እኮ!» ስልዎ፣ «መጨረሻውን ሰምቶ የሚሸሽ ድሮም አያነብም» ብለው ልቤን ያደርቁት ነበር።

ይኸው ከሞቱ ወዲህ ያወጣነው ልብ ወለድ እንደ ጉድ ይሸጣል፤ ደንበኛ የሚያባርር የለማ! ትናንት ግን አንድ የድሮ ደንበኛዎ አዲሱን መጽሐፍ ይዞ በሩ ላይ ቆመና «መጨረሻው እንዴት ነው?» አለኝ። ሳላስበው ይቀመጡባት ወደነበረችው ባዶ ዱካዎ ዞርኩ። ጋሼ፣ ምን ልበለው? እኔም እኮ የመጽሐፎቻችንን መጨረሻ የምሰማው ከእርስዎ ነበር።