ከቧንቧው ጋር ያሰርኩት ሴንሰር

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ እረፍቴን ሮብ ገበያ ከተማ አጎቴ ዘንድ አሳለፍኩ። አጎቴ በበዓል ማኅሌት ይቆማል፣ በሌላው ቀን ከከተማው በታች ያለችውን ትንሽ የውሃ ኃይል ማመንጫ ይጠብቃል።

ያኔ ማሽኑ ላይ በኢንተርኔት የሚሠሩ ሴንሰሮች ተገጥመው ነበር። ሙቀቱን ለክተው ወደ ሥራ አስኪያጁ ስልክ ይልካሉ፤ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ማሽኑን ራሳቸው ያቆማሉ። ዕቃው ጥሩ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ጫማው ዘይት እንዳይነካው ብሎ ማሽኑ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ስልኩን አውጥቶ «አረንጓዴ ነው፤ በቃ!» ማለት ሥራ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ ጋለና ማሽኑ ቆመ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ማመንጫውን የሚጎበኙ እንግዶች ሊመጡ ስለነበር ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ።

«አንተ የተማርክ ልጅ ነህ። ሴንሰሯን ከኩሽኔታው አንሳና ከቀዝቃዛው ውሃ ቧንቧ ጋር እሰርልኝ። እስኪሄዱ ነው።»

የተማርክ ስላለኝ ደስ ብሎኝ በጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ አሰርኩለት፤ ማሽኑም እንደገና ተነሳ። ያንን ደስታዬን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ።

በማግስቱ አጎቴ መዳፉን ኩሽኔታው ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሳው። ማሽኑን የሚያዞረውን ውሃ በእጁ ዘግቶም አቆመው። ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ላይ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከሴንሰር ይበልጣሉ?»

«የለም ጌታው። እስቲ ይግቡና ይንኩት።»

«ስልኩ ሃያ ዲግሪ ይላል!»

«ሃያ ከሆነ ጉንጭዎን ያስደግፉበት።»

አላስደገፈም። ይልቅ ደብዳቤ ጻፈ፦ ጤነኛ ማሽን ያለ ፈቃድ ስላቆመ አጎቴ ከሥራ ታግዷል። ማስረጃው አረንጓዴውን የሚያሳይ የስልኩ ምስል ነበር። ቤት ስንገባ አጎቴ መዳፉን ደጋግሞ እያየ «እጄ አርጅቶ ይሆናል» አለ። እውነቱን ሳልነግረው ወደ መኝታዬ ሄድኩ።

ሐሙስ ማሽኑ ተነስቶ ሲሠራ ሥራ አስኪያጁ ግቢው ውስጥ ስልኩን እንደ መስቀል ለእንግዶቹ ዘርግቶ አገኘሁት። ሊያሳልማቸው ይመስል ነበር። በጓሮ ገብቼ ናስትሮውን ቆረጥኩ፤ ሴንሰሯንም ወደ ኩሽኔታው መለስኳት። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ «ኩሽኔታው ጋለ» ብሎ ቀላ፤ ማሽኑም ራሱ ቆመ። ከእንግዶቹ አንዱ «ኩሽኔታው የትኛው ነው?» ሲለው ያ ትልቅ ሰው ማሳየት አቃተው።

ሮጬ አጎቴን ልጠራ ሄድኩ። ናስትሮውን እጁ ላይ አድርጌ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኩት። አልተቆጣም። መዳፉን ዘርግቶ አየና፣

«እጄስ ደህና ነው ማለት ነው» አለ።