ሁለት የስፌት መኪና በአንድ የእግረኛ መንገድ ላይ

ላሊበላ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ የአንድ ጫማ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ስሰፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ጎረቤቴ ከመጣ አራተኛ ዓመቱ ነው። ከኮን ከተማ መጥቶ ከእኔ ቀጥሎ ባለው የሸቀጥ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናውን ተከለ። በመካከላችን ያለው አንድ የእንጨት ምሰሶ ብቻ ነው።

በሙያ ይበልጠኛል። ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል። ሴቶች ሸማቸውን ይዘው ሲመጡ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ዝም ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ «እዚህ ጋ ሰብሰብ ቢል ያምርብሻል» ይላል። እንዳለውም ያምራል። እኔ ሦስት ጊዜ ለክቼ የሰፋሁት አንዳንዴ ትከሻ ላይ ይጎተታል።

በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ክር የሚገኝበትን ሱቅ ያሳየሁት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ዓመት ደንበኞቼ አንድ በአንድ ምሰሶውን አልፈው ይሄዱ ጀመር። የሠርግ ቀሚሷን የሰፋሁላት ሴት ሳትቀር፣ አንገቷን ደፍታ በፊቴ አልፋ እሱ ጋ ስትቀመጥ፣ የያዝኩትን ስፌት ፈትቼ እንደገና ጀመርኩት። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ «ዛሬ ሥራ ቀዝቅዟል» አልኳት። ሥራ ግን አልቀዘቀዘም ነበር፤ ወደ እሱ ዞሮ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ክረምት መግቢያ አንድ ጧት መኪናው ከምሰሶው አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ አየሁት። ቆርቆሮው አፍስሶበት ሊሆን ይችላል፤ አልጠየቅኩም። እኔም የእኔን ከእሱ አንድ እርምጃ አሳልፌ አወጣሁ። እሱ ብርሃን ስለከለልኩት መሰለኝ ትንሽ ጨመረ። እኔም ጨመርኩ። ክረምቱ ሳያልቅ ሁለታችንም ከበረንዳው ወርደን፣ ላስቲክ ወጥረን የእግረኛው መንገድ ላይ ነበርን። እሱ እዚያ ላይ ሲያቆም እኔ አላቆምኩም። ጠረጴዛ አመጣሁ። ከምሰሶው እስከ መብራት እንጨቱ ገመድ ወጥሬ ያለቁ ቀሚሶችን ሰቀልኩበት። ከላይ የሚመጣ ሰው የእኔን ቀሚሶች ያያል፤ እሱ ከኋላቸው ተሸፍኗል። የዚያን ቀን ምሳዬ ጣፈጠኝ።

መንገዱ ድሮም ባዶ አልነበረም። ባለጫማው ሸበጦቹን መሬት ላይ ይደረድራል፤ ባለሸቀጡ ባልዲና ፍራሽ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ለግንባታ ተብሎ ከፋሲካ ጀምሮ የተደፋ አሸዋ አለ። ለእግረኛ የቀረችውን አንዲት ቀጭን መተላለፊያ የዘጋኋት እኔ ነኝ። ሰው ወደ አስፋልቱ ወርዶ በባጃጅና በተጫነ አህያ መካከል ይሄድ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ቄስ ቆም አሉና፣

«ልጄ፣ እኛስ በየት እንለፍ?» አሉኝ።

«ይለፉ አባቴ፣ ይለፉ» ብዬ የአንዱን ቀሚስ ጫፍ አነሳሁላቸው። ጎንበስ ብለው አለፉ። ይበቃል ብዬ አሰብኩ።

ገና ሊደርስ ሲል፣ ቅዳሜ፣ ገበያው እንደጦፈ፣ ከአስፋልቱ በኩል ጩኸት ሰማሁ። ቀና ስል አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ባጃጁ ከፊቷ ቆሟል፤ ነጭ ሸማ አቧራ ላይ ተዘርግቷል። እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ፣ ከተራራው ላይ፣ ከአሸተን ማርያም ገዳም በታች የምትኖረው ታላቅ እህቴ።

መጀመሪያ ወደ ጭንቅላቴ የመጣው «ተጎድታ ይሆን?» አልነበረም። «ይሄ ሸማ የሚሰፋው እኔ ጋ ነው ወይስ እሱ ጋ?» የሚል ነበር። እኔ ይህን ሳስብ ጎረቤቴ ሮጦ ደርሶ ብብቷን ደግፎ አነሳት።

«አይዞዎት እናቴ፣ በዚያ እግርዎ አይርገጡ» ይላታል።

ባጃጁ ራሱ ጤና ጣቢያ ወሰደን። ቁርጭምጭሚቷ ወለም ብሎ ነበር እንጂ አልተሰበረም። ነርሷ ጠቅልላላት ስትወጣ መታገሥ አቃተኝ።

«እትዬ፣ ሸማው ለማን ነበር?»

«ለእሱ ነበር።»

«እኔ እያለሁ?»

«አንተ እያለህ። ያምናውን አንተ ሰፋህልኝ፤ እያነቀኝ ለበስኩት፤ ወንድሜ ነው ብዬ። አንተ ስትሰፋ ዓይንህ ጨርቁ ላይ አይደለም፤ እዚያ ሰውዬ ላይ ነው። ዛሬ ሳታየኝ በበረንዳው ጥግ ልሾልክ ነበር። ማለፊያ አጣሁ። ቀሚሶችህ ሞልተውታል። ወደ መኪናው መንገድ ወረድኩ።»

ማፈር ነበረብኝ። እኔ ግን ተቆጣሁ። እቤት፣ ባለቤቴ ጋ አድርሻት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሸማው አቧራው ተራግፎ፣ በወጉ ታጥፎ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«እህትህ እንዴት ናቸው?» አለኝ ጎረቤቴ። «ጨርቃቸውን አንስቼልሃለሁ፤ ላንተ ያመጡት ነው አይደል?»

አላወቀም። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አዎ ይሁን አይደለም ሳይለይ።

ሰኞ ጧት ሸማውን ዘርግቼ በጠመኔ አሰመርኩት። መቀስ አነሳሁ። ከእሱ የተሻለ እሰፋዋለሁ፣ አሳያታለሁ እያልኩ ነበር። መቀሱ ጨርቁ ላይ አርፎ ብዙ ቆየ። «እያነቀኝ ለበስኩት» ያለችው ትዝ አለኝና አልቆረጥኩም። ጠመኔውን አራግፌ፣ ሸማውን ይዤ ምሰሶውን ዞርኩ። ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ ወደ እሱ በኩል ስሻገር ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ላንተ ነው ያመጣችው» አልኩት።

ለአፍታ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። «ልካቸውን አላውቅም» አለ።

«እኔ አውቃለሁ።»

አጠገቡ ቆሜ ከአንገት እስከ ተረከዝ በቃሌ ነገርኩት፤ እሱ በጠመኔ ጻፈ። ግራ ትከሻዋ ውኃ በመሸከም ትንሽ ዝቅ እንደሚል ስነግረው፣ «እሱን ካልነገርከኝ አበላሸው ነበር» አለ። እውነቱን ነው። ያምናውን ያበላሸሁትም እኔው ነኝ፤ እያወቅሁ፣ ልብ ሳልል።

በዚያው ቀን ገመዱን ፈትቼ ጠረጴዛውን ወደ ቤት ላክሁ፤ መኪናዬንም ወደ በረንዳው መለስኩ። እሱ በማግስቱ የራሱን መለሰ። ባለጫማው አልመለሰም፤ አሸዋውም አለ። ቢሆንም ሰው በእኛ ፊት ሳይጎነበስ ያልፋል።

ለገና እህቴ በበትር እየተደገፈች ወደ እኛ ቤት ወረደች። ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ልክክ ብሏል። ጎረቤቶች «ማን ሰፋልሽ?» ሲሏት፣ «ያ የኮኑ ሰው» ብላ እኔን ሰረቅ አድርጋ አየች። «ልኩን የነገረው ግን ወንድሜ ነው» ብላ ጨመረች። ሰው ሁሉ ስፌቱን እየዳሰሰ ሲያደንቅ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ለእኔ ብላ የጨመረቻት ቃል ከነጭራሹ ካለመባል ባሰችብኝ።

ከበዓሉ በኋላ ግን ያላሰብኩትን አደረግሁ። ጎረቤቴን የአንገት ዙሪያ ሳይጨማደድ እንዴት እንደሚያዞር ጠየቅኩት። አልደበቀኝም። አሮጌ ጋዜጣ ቆርጦ፣ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፍጥነት አሳየኝ። እኔም ጣቶቹን እየተከተልኩ ተማርኩ፤ እየተማርኩም ቀናሁበት።