ለተክሊል የተጠየቀ ወረቀት

ወንድሜ ማስተዋል ሴራሚክ ያነጥፋል። የካ ውስጥ በየሰዉ መታጠቢያ ቤት ገብታችሁ አንዲት ጠማማ መስመር ብታገኙ የእሱ ሥራ አይደለችም። እጁ እንዲህ የረጋ ሰው፣ ልቡ ግን ቦቅቧቃ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ራሱን ባመመው ቁጥር ይናዘዛል።

አምና ሥርጉትን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ እኔ እህቱ አገርነሽ የሠርግ ቀሚሴን ሳሰፋ፣ ይሄ ጉደኛ ለሥራ ሐዋሳ ሄዶ ከአንዲት ሴት ጋር አደረ። አንድ ቀን! ያውም በኮንዶም። ከተመለሰ ወዲህ ግን ሰው መሆኑ ቀረ። ሲሚንቶ የላጠውን እጁን እያየ "ይኸው ወጣብኝ" ይላል፤ ትንሽ ካላበው "የፈሩት ይደርሳል" ብሎ ይተክዛል። ወጥሬ ስይዘው ነው ጉዱን የነገረኝ።

ጎትቼ መገናኛ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ ጀናን ትባላለች፤ እርጋታዋ ደስ ይላል። "ወንድሜ፣ ኮንዶሙ ካልተቀደደና ካልወለቀ ስጋቱ በጣም ትንሽ ነው። ዛሬ እንመርምርህ፣ ሦስት ወር ሲሞላህ ደግሞ እንደግመዋለን" አለችው። ጣቱን ልትወጋው ስትል ተነስቶ ውልቅ! እንጦጦ ወጥቶ ጠበል ጀመረ። ጠበሉንስ ማን ጠላ፤ ጠበል መቼ ምርመራ ከለከለ?

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ለተክሊሉ የሁለቱንም የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ጠየቀ። ሥርጉት በማግስቱ ተመርምራ ወረቀቷን ያዘች። ማስተዋል ግን ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ "ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ምክንያቱን አትጠይቁኝ" አላቸው። በቃ፣ ሠርጉ ፈረሰ። "ለእሷው ብዬ ነው፤ እንዳልገድላት" ይለኛል። አይ ሞኝ!

አራት ወር ቆይቶ፣ ፍርሃቱ ሲያንገፈግፈው፣ ራሱ ሄዶ ተመረመረ። ነጻ። አላመነም፣ ሌላ ቦታ ደገመ። ነጻ! እልልታዬን ሳልጨርስ ወረቀቱን ይዞ ወደ እነሥርጉት ቤት ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት።

እናቷ እትዬ የማርያምወርቅ በሩን ይዘው ቆሙ እንጂ ግቡ አላሉንም።

"ይቅር ይበሉኝ እማማ" አላቸው። "በሽታ ያዘኝ ብዬ ፈርቼ ነው የሸሸሁት። ይኸው ነጻ ነኝ፣ ይዩት።"

ወረቀቱን አልነኩትም። "አንተን ደሞ ማን ጠረጠረህ?" አሉት። "ወረቀት ሲጠየቅ ሠርግ ቢፈርስ፣ ሰው ማንን የሚያማ ይመስልሃል? ልጄን ነው። 'ተገኝቶባት ነው' ተባለች። ጎረቤት ብርጭቆ ለየባት። እሷስ ወረቀት አጥታ ነው? ለማን ታሳይ፣ በየደጁ ይዛ ትዙር? ድሬዳዋ አክስቷ ጋ ሄደች። ስልኳንም ቀይራለች፤ እንዳትፈልጋት።"

ማስተዋል ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እሳቸው ግን እሱን ትተው እኔን ማየት ጀመሩ፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ምነው ያኔ ምላሴ በተሳሰረ! ሠርጉ የፈረሰ ሰሞን የእድር ሴቶች ከበው "ምን ተገኝቶ ነው?" ሲሉኝ፣ የወንድሜን ገመና የሸፈንኩ መስሎኝ፣ "ተዉት ብቻ፤ ወንድሜን እግዜር አተረፈው" ያልኩት እኔ ነኝ።