የጋሽ ኢታና ሦስት አግዳሚዎች

በ1976 መስከረም ላይ ከነርስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ልደታ አካባቢ ወዳለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ስመደብ፣ በሩ ላይ የተቀበሉኝ ጋሽ ኢታና ነበሩ። ከወለጋ በወጣትነታቸው የመጡ፣ ሃምሳ ያለፋቸው፣ ቁስል የሚያጥቡና መርፌ የሚወጉ ቀጭን ድሬሰር ናቸው።

«በማዕረግ ትበልጪኛለሽ፣ ሲስተር» አሉኝ። «ይህን ዓመት ግን በሩ ላይ ከእኔ ጋር ቁሚ።»

ቅር አለኝ። በር ልጠብቅ አልተማርኩም።

ጠዋት ጠዋት ከጠመንጃ ያዥ ሰፈርና ከልደታ ማርያም ዙሪያ የሚመጣው ሕመምተኛ ግቢውን ይሞላዋል። ሐኪም የለንም፤ የከበደ ሕመም ባልቻ ሆስፒታል ይላካል። ጋሽ ኢታና እየዞሩ እያንዳንዱን ሰው ይጨብጣሉ። ሰላምታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ትኩሳቱን፣ ላቡን፣ የልቡን ምት እያዩ ኖሯል። ከዚያ ያስቀምጡታል። የግድግዳው አግዳሚ መቆየት ለሚችል ነው፤ የበሩ ቶሎ ለሚታይ። ከካርድ ክፍሉ መስኮት ሥር ያለው አጭሩ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ግን ካርድ ሳይጠብቅ ሆስፒታል ይሄዳል።

ሰኔ ላይ አንድ ዝናባማ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ኃይለሚካኤል በላንድሮቨር መጣ። የመኪና በር አውራ ጣቱን ጨፍልቆት አብጧል፤ ፊቱ በቁጣ ጠቁሯል። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁሉ ተነሡለት። በዚያ ዘመን የማይነሣለት ማን ነበር?

ጋሽ ኢታና ጣቱን አገላብጠው አዩና «ግድግዳው ጋ ይቀመጡ» አሉት።

እዚያው ግድግዳው ጋ፣ እኔ ያስቀመጥኳት ዙሃራ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ነበረች። «ደከመኝ፤ ትከሻዬንም ያመኛል» ብላኝ ነበር፤ ዕቃ ስትሸከም ነው ብዬ አለፍኳት። ጋሽ ኢታና እጇን ጨበጡ፤ አልለቀቁትም። የዓይኗን ቆብ ዝቅ አድርገው አዩ፤ ውስጡ ደም የለውም። ወደ እኔ ዞረው በቀስታ «ወር አበባዋ ከቀረ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሉኝ።

ጠየቅኳት። ሁለት ወር አልፎታል።

«ሆዷ ውስጥ እየደማች ነው» አሉ። አምቡላንስ የለም፤ ታክሲ በዚያ ዝናብ አይታሰብም። ቀጥ ብለው ሊቀመንበሩ ፊት ቆሙ።

«ጓድ፣ መኪናዎን ይስጡን።»

«ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። የእርስዎ ጣት እስከ ከሰዓት ይቆያል። እሷ አትቆይም።»

ጓድ ኃይለሚካኤል ዙሃራን አያት። ከንፈሯ ነጥቷል። ከዚያ ለሾፌሩ «ውሰዳቸው» አለው።

ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ባልቻ ደረስን። አንድ ሩሲያዊ ሐኪም ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል አስገባት። ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ ቱቦው ውስጥ አድሮ ቱቦውን አፈንድቶት ነበር። መትረፏን ሰምቼ ስመለስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ሊቀመንበሩ ጣቱ በፋሻ ታስሮለት አሁንም ግድግዳው ጋ ተቀምጧል።

«ተረፈች?» አለኝ።

«ተርፋለች።»

ራሱን ነቀነቀና ወጣ። ጋሽ ኢታናን መጥተው ይወስዷቸዋል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስሰጋ ሰነበትኩ። ማንም አልመጣም።

እንዴት ደፈሩ ብዬ ጠየቅኳቸው። «በ1962» አሉ፣ «አንድ ሸማኔ ደረቴን አለኝ። ጨጓራ ነው ብዬ ክኒን ሰጥቼ ሸኘሁት። ቤቱ አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ የምፈራው ያንን ብቻ ነው።»

በ1981 ጡረታ ወጡ። ዳቦ ቆርሰን ስንሸኛቸው ዙሃራ የአራት ዓመት ሴት ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ልጅቷ ኮታቸውን ይዛ አልለቅም ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

በማግስቱ በሩ ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ከዚያ በኋላ በትልልቅ ሆስፒታሎች ሠርቻለሁ፤ ብዙ መሣሪያም አይቻለሁ። የሚናፍቀኝ ግን ያ ጭቃማ ግቢ ነው፣ ጋሽ ኢታና ከጎኔ ቆመው አንዷን ሕመምተኛ እየጠቆሙ «እስቲ አንቺ ደግሞ እያት፣ ሲስተር» ይሉኝ የነበረበት።