የፊት ወንበሩ ነፋስ

ከብዙ ዓመት የውጭ ኑሮ በኋላ ቦንጋ ስመለስ ታናሽ እህቴ ጽጌ መኪና ገዝታ ጠበቀችኝ። የፊት ወንበሩ ግን ተይዟል። ጎረቤቷ አስቴር እንደ ባለርስት ተንሰራፍታበታለች። እኔ እንግዳዋ ከኋላ ነኝ። ቢታ ገነት ከተማ ደርሰን ስንመለስ በሙቀት ተቀቀልኩ። የመኪናው ማቀዝቀዣ ኤሲ የሚተነፍሰው ለፊተኞቹ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ በሽተኛ።

«የአየር ማጣሪያው ተደፍኖ ነው፤ አንብቤያለሁ» አልኩ።

«እትዬ ደግሞ ያላነበቡት የለም!» ብላ አስቴር ሳቀች። ጽጌም አብራት ሳቀች። ድሮ እንዲህ የምትስቀው ከእኔ ጋር ነበር።

ግድ ብዬ ጋራዥ ወሰድኳቸው። መካኒኩ የዳሽቦርዱን ኪስ ፈትቶ ማጣሪያውን ሲስብ፣ አብሮት የተወተፈ ሰማያዊ የሱፍ ሻርፕ ወጣ። በእጄ ሠርቼ ለጽጌ የላክሁላት ሻርፕ ነው!

«አስቴር! አንገትሽ ላይ አድርጊው ብዬ የሰጠሁሽ አይደለም እንዴ?» አለች ጽጌ።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ነፋሱ ደረትሽን እየመታሽ ትስያለሽ፤ ዝጊው ስልሽ አትሰሚ። ነፋሱን እንዲዘጋልሽ ወንድሜን ለምኜ እዚያ አስወተፍኩት።»

ጽጌ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሻርፑን ማን እንደሠራው ያነሳ የለም።

መካኒኩ ማጣሪያውን አራግፎ ሲመልሰው ነፋሱ እንደ ጉድ መጣ።

«እትዬ፣ በይ ዛሬ አንቺ ከፊት ግቢ» አለችኝ ጽጌ።

ስመኘው የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ፊቴን ሲገርፈኝ፣ ጽጌ ሻርፑን አራገፈችና ወደ ኋላ ዞራ «ብርድ እንዳይመታሽ» እያለች አስቴር አንገት ላይ ጠመጠመችው።